የደሴ በግ ተራ፦ በጉ ግሩም ነው፣ ከግዢ በኋላ ያለው ግን ብርቱ ጥንቃቄ ይሻል

ደቡብ ወሎ ውስጥ ለዓመት በዓል፣ ለሠርግ ወይም ለሰደቃ በግ የሚፈልግ ሰው ደሴ፣ ኮምቦልቻና ባቲ ቅርቡ ናቸው። ከሦስቱ ደሴን እናስቀድማለን። ወደ ደሴ የሚወርደው በግ በአብዛኛው የደጋ በግ ነው። ከጉጉፍቱ፣ ከወረኢሉ፣ ከለጋምቦ፣ ከኩታበርና ከደላንታ፣ ብርድና ነፋስ ከማይለየው ሜዳ፣ በገብስ ቃርሚያና በጓሳ መሬት ያደገ ነው። ሥጋው ጣፋጭ፣ አጥንቱ ቀጭን፣ ዋጋውም ከሚያስገኘው ሥጋ ጋር ሲነጻጸር ሚዛናዊ ነው። የገበያው ችግር የሚጀምረው ገመዱ እጃችሁ ከገባ በኋላ ነው፦ ማጓጓዣው፣ ማቆያው፣ እርዱና ሌጦው። ብዙ ገዢ ጥሩ በግ ገዝቶ መጥፎ ሥጋ የሚበላው በዚህ ምክንያት ስለሆነ ግምገማችን ከግዢው አልፎ እስከ ሌጦው ይዘልቃል።

ዋናው የገበያ ቀን ሰኞ ነው፤ ሰኞ ገበያ የሚባለው ሰፈርም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። በዓል ሲቃረብ ግን በየቀኑ በግ ይገኛል። የሩቅ ገበሬዎች ዋዜማውን ተጉዘው ዳር ላይ ስለሚያድሩ ጠዋት ከ2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ምርጡ በግ በገበሬው እጅ እንዳለ ታገኙታላችሁ። ከ4 ሰዓት በኋላ ነጋዴው ጥሩ ጥሩውን ጠቅልሎ ይይዛል፤ ያኔ ተመሳሳዩን በግ ከሁለተኛ እጅ ነው የምትገዙት። ከሰዓት በኋላ ዋጋው ረገብ ይላል፤ ገበሬው በጉን ይዞ ዳገቱን መመለስ አይፈልግማ። ምርጫው ግን ያኔ የተረፈ ነው። አንድ በግ ብቻ ለምትፈልጉና ዓይናችሁን ለምታምኑ የከሰዓቱ ሰዓት ያዋጣል፤ ለድግስ አምስትና ስድስት ለምትገዙ ጠዋቱን አትልቀቁት። በክረምት መሬቱ ጭቃ ነውና ቦቲ አድርጉ። ጸጉሩ በዝናብ የራሰ በግ ከእውነተኛው ክብደቱ በላይ ግዙፍ ሆኖ እንደሚታይም አትርሱ።

ተራው ላይ ምን ዓይነት በግ አለ? ብዙው አጭር ላት ያለው የወሎ ደጋ በግ ነው። ቁመቱ አጠር ያለ፣ ከረጅሙ ጸጉር ሥር ሱፍ ያለው፣ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቡናማ ወይም ዝንጉርጉር ነው፤ አውራው ቀንዳም ነው፤ ላቱ ጫፉ ላይ ወደ ላይ ይቀለበሳል። አልፎ አልፎ ደግሞ ገላው ነጭ፣ ፊቱ ቡናማ፣ ጆሮው ረጅምና የተንጠለጠለ፣ ላቱ ሰፊ የሆነ ከፍ ያለ በግ ታያላችሁ፤ ይህ የአዋሲ ዲቃላ ነው። አዋሲ የመካከለኛው ምሥራቅ ዝርያ ሲሆን ከመንዝ በግ ጋር የማዳቀሉ ሥራ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1967 በተቋቋመው የደብረ ብርሃን በግ ማራቢያ ማዕከል ነው። ዲቃላው ቶሎ ያድጋል፣ ክብደትም ይይዛል፤ ነገር ግን ብዙ መኖ ይበላል። ለእርድ ለሚገዛ ሰው ተስማሚ ነው። ለማርባት የሚገዛ ሰው ግን በቂ መኖ ከሌለው የአገሩን በግ ይምረጥ፤ ክፉ ዓመትን የሚያልፈው እሱ ነው።

ከቆላ የመጣው የአፋር በግ ሌላ መልክ አለው፦ ጆሮው ከሥሩ የተቆረጠ እስኪመስል ድረስ አጭር፣ ቀንድ አልባ፣ ጸጉሩ አጭርና ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ላቱ ሰፊና እስከ ቋንጃው የሚወርድ ነው። ባቲ ላይ የሚበዛው ይህ ነው፤ ወደ ኮምቦልቻም ይወጣል። ደሴ ላይ ሲገኝ በላቱ ስፋት ዓይን ይስባል። ላት ስብ ነው፤ ለቅባትና ለአንዳንድ ምግብ ይፈለጋል፣ ለሥጋ ብላችሁ የምትከፍሉት ገንዘብ ግን ላቱ ላይ እንዳያልቅ አስቡበት።

ቀለም ላይ ክርክር የለንም። ለባህል ወይም ለስለት የተወሰነ ቀለም የሚፈልግ ሰው አለ፤ ሻጩም ያውቃልና ዋጋውን ይጨምርበታል። ለሥጋው ግን ጥቁር ሆነ ነጭ ለውጥ የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ፤ በጉን በእጅ መፈተሽ። በዓይን ብቻ የተገዛ የደጋ በግ ብዙ ጊዜ ያሳዝናል፤ ጸጉሩ ክሳቱን ይሸፍናል። መዳፋችሁን ሽንጡ ላይ፣ ከመጨረሻው ጎድን በኋላና ከዳሌው አጥንት በፊት ባለው ቦታ አሳርፉና ጫን አድርጉ። የጀርባው አጥንት እንደ መጋዝ ጥርስ ጣታችሁን ከወጋችሁ በጉ ከስቷል፤ የቱንም ያህል ቢያማልል ተዉት። አጥንቱ ከተሰማችሁ ግን ጫፉ ድቡልቡል ከሆነ፣ ዳርና ዳሩም በሥጋ ከተሞላ ለእርድ የደረሰ ነው። አጥንቱ ጭራሽ ካልተሰማና ከመሃሉ ሸለቆ ከሠራ ስብ በዝቶበታል። ስብ ለወደደ ጥሩ ነው፤ ክፍያው ግን ከፍ ይላል። ቀጥሎ ጎድኑን በጣት ጫፍ ዳስሱ፤ ከዚያ ላቱን ሥሩ ላይ ጨበጥ አድርጉ፤ ጠጣር መሆን አለበት። ልል ብሎ የተንጠለጠለ ላት በጉ ሰሞኑን እንደከሳ ይነግራችኋል።

ዕድሜ በጥርስ ነው። በግ ከፊት በታችኛው መንጋጋ ብቻ ስምንት ጥርስ አለው፤ ላይኛው ድድ ነው። ስምንቱም ትናንሽ የወተት ጥርስ ከሆኑ ዓመት ያልሞላው ወይም ገና የሞላው ጠቦት ነው። መሃል ላይ ሁለት ሰፋፊ ጥርሶች ከበቀሉ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ፣ አራት ከሆኑ ሁለት ዓመት ገደማ፣ ስድስት ከሆኑ ወደ ሦስት፣ ስምንቱም ከተተኩ ደግሞ ሦስት ዓመት ተኩልና ከዚያ በላይ ነው። ለጥብስ ሁለት ጥርስ የነቀለው ይመረጣል፤ ለቅቅልና ለወጥ አራት ጥርስ ያለው ሙክት የተሻለ መረቅ ይሰጣል። ጥርሱ የተሰበረ፣ የተራራቀ ወይም የረገፈ በግ አርጅቷል፤ ቀልባችሁት እንኳ አይወፍርም።

ለአረፋ ኡድሂያ (ለበዓሉ መሥዋዕት እርድ) የምትገዙ ከሆነ ደግሞ አራቱን ነውር ሳትፈትሹ ገመድ አትጨብጡ፦ አንድ ዓይኑ መታወሩ ግልጽ የሆነ፣ ማነከሱ ግልጽ የሆነ፣ መታመሙ ግልጽ የሆነ፣ መቅኔ እስከማይኖረው ድረስ የከሳ። ማነከሱን ለማየት በጉን ቆሞ ሳይሆን አሥር እርምጃ አስኪዱት፤ ዓይኑን ለመፈተሽ ደግሞ እጃችሁን ከጎን ቀስ አድርጋችሁ አቅርቡለት፤ ካልደነገጠ በዚያ በኩል አያይም።

ጤናውን ለማወቅ የታችኛውን የዓይን ቆብ በአውራ ጣት ገልበጥ አድርጉ። ውስጡ ቀላ ያለ ሮዝ ከሆነ ደህና ነው፤ ነጭ ከሆነ ደሙን ትል ጨርሶታል። ከዚህ ጋር ከመንጋጋው ሥር ለስላሳ እብጠት ካለ የጉበት ትል መሆኑን ጠርጥሩ፤ ረግረግ ላይ የዋለ የደጋ በግ ዋና ጠላቱ ይህ ነው። አፉ የቆሰለ፣ ዓይኑና አፍንጫው የሚያዥ፣ ከኋላው በተቅማጥ የተበከለ በግ ደስታ መሰል የሚባለው ተላላፊ በሽታ ይዞት ሊሆን ይችላልና ከአጠገቡ ያለውንም አትግዙ። አንገቱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ የሚዞር በግ አዙሪት አለበት፤ አንጎሉ ውስጥ ውኃ የቋጠረ የትል እጭ ነው። ለማርባት የሚገዛ ሰው ደህና የመሰለውን በግ እንኳ ከመንጋው ሳይቀላቅል ሁለትና ሦስት ሳምንት ለብቻው ያቆየው፤ ገበያው ላይ ከየወረዳው የመጣ በግ ትከሻ ለትከሻ ተፋፍጎ ነው የሚውለው።

አንድ ተንኮል አለ፤ በተለይ በዓል ሲደርስ። በጉን ማታ ጨው ያልሱትና ጠዋት ውኃ እስኪበቃው ያጠጡታል። ሆዱ ተነፍቶ የጠገበና የወፈረ ይመስላል። መፈተሻው ቀላል ነው፦ የበግ ጨጓራ ያለው በግራ በኩል ስለሆነ ግራ ጎኑን በቡጢ ጫን ለቀቅ አድርጉ። ሳር የበላ በግ ሊጥ የመጫን ያህል ይሰማል፤ ውኃ የሞላው ግን ይንቦጫረቃል። እንዲህ ያለው በግ በማግስቱ ብዙ ኪሎ ይቀንሳል። ሽንጥ ላይ ያለውን ሥጋ ግን በውኃ መንፋት አይቻልም፤ ሽንጡን ከሆዱ በፊት ዳስሱ የምንለው ለዚህ ነው።

ሚዛን ገበያው ውስጥ እምብዛም የለም፤ ይህ ትልቁ ጉድለቱ ነው። የልብስ ሰፊ ሜትር በኪሳችሁ ያዙ። ከፊት እግሮቹ ጀርባ፣ ደረቱን ዙሪያውን ለኩ፤ ሜትሩን ሱፉ እስኪጨፈለቅ ሳብ አድርጉት። 65 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ወደ 20 ኪሎ፣ 70 ከሆነ ወደ 25፣ 75 ከሆነ ወደ 30፣ 80 ከሆነ ወደ 35 ኪሎ ይገመታል። ሁለትና ሦስት ኪሎ ወዲህና ወዲያ ሊል ይችላል፣ ከዓይን ግምት ግን እጅግ ይሻላል። ከቁሙ ክብደት ከ40 እስከ 45 በመቶው ሥጋ ከአጥንቱ ጋር ይወጣል። ስለዚህ 28 ኪሎ የሚመዝን በግ 12 ኪሎ ገደማ ይሰጣል፤ ጉበት፣ ጨጓራና የመሳሰለው ከዚህ ውጭ ነው። የተጠራውን ዋጋ ለ12 አካፍሉና ከሉካንዳ የኪሎ ዋጋ ጋር አስተያዩት። ድርድሩን በዚህ ቁጥር ጀምሩ እንጂ ሻጩ በጠራው ቁጥር አትጀምሩ።

ሻጩን የምትጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፦ «አባባ፣ በጉ የቤት ነው የገበያ?» «የቤት ነው ልጄ፣ እዚሁ እጄ ላይ ነው ያደገ» የሚል ገበሬ ስለ በጉ ይነግራችኋል፦ መቼ እንደተወለደ፣ ሙክት ከሆነ መቼ እንደተቀጠቀጠ፣ ምን ሲበላ እንደቆየ። ነጋዴው ይህን ሁሉ አያውቅም፤ ስለ ዋጋ ብቻ ነው የሚያወራው። ከነጋዴም ጥሩ በግ ይገዛል፣ ፈተሻው ግን ጠንከር ይበል። ምን ሲበላ እንደቆየ ማወቁ ደግሞ ወደ ቤት ስትመለሱ ይጠቅማችኋል። ደላላ ሳይጠሩት ይመጣል። የምትገዙት አንድ በግ ከሆነ አያስፈልጋችሁም። ብዙ ከሆነ ግን ጊዜ ይቆጥብላችኋል፤ የድለላውን ገንዘብ ማን እንደሚከፍልና ስንት እንደሆነ ዋጋ ከመቆረጡ በፊት በግልጽ ተነጋገሩ። ጸብ የሚነሳው ሁልጊዜ ከተቆረጠ በኋላ ነው።

ወቅቱንም አስሉ። የደጋው ግጦሽ ከክረምት በኋላ ይሞላል፤ ስለዚህ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ያለው በግ በተፈጥሮው ወፍራም ነው፤ ለገና የተገዛ በግ ብዙም አያሳፍርም። ከየካቲት በኋላ፣ በተለይ በልግ ከቀረ፣ በጉ ይከሳል፤ ለፋሲካ ገበያ የሚወጣው ጥሩ በግ ቤት ውስጥ የተቀለበ ነው፣ ዋጋውም የመኖውን ወጪ ይጨምራል። አረፋ በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ይመጣል፤ በ2017ና በ2018 ግንቦት ላይ የዋለ ስለሆነ ለአሁኑ ጊዜ ከግጦሽ በቀጥታ የመጣ በግ ለኡድሂያ ቀጭን ነው። ቢያንስ ከበዓሉ አንድ ወር ቀደም ብሎ ገዝቶ መቀለብ የሚችል ሰው በእጅጉ ያተርፋል።

ከበጉ ተራ ብዙም ሳይርቅ የሱፍ ሥራ ይገኛል፤ ባና፣ ዝተት፣ አልፎ አልፎም በርኖስ። ይህ የደጋው ሌላው በረከት ነው። ባና ስትገዙ ወደ ብርሃን አንሱትና ድሩ በእኩል መጠን መጥበቁን እዩ፤ ክርና ክር መካከል ብርሃን ካሳለፈ ብርድ ያሳልፋል። መገጣጠሚያ ስፌቱን በሁለት እጅ ሳብ አድርጉ፤ ቀድሞ የሚለቀው እሱ ነው። ጥቁሩን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ እሹት፤ ጨርቁ ከጠቆረ ቀለም የተነከረ ነው፣ ካልጠቆረ የበጉ የራሱ ጥቁር ነው። ሁልጊዜ ብል እንዳይበላው ደረቅ አድርጋችሁ አኑሩት፣ በሙቅ ውኃም አትጠቡት፤ ይጨማደዳል፣ ይጠባል።

ኮምቦልቻንና ባቲን በአጭሩ። ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል፣ በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ይደረስበታል። የከተማው ሰው እዚያው ቢገዛ ከማጓጓዝ ጣጣ ይድናል፣ የደጋና የቆላ በግ ጎን ለጎን ማየቱም ጥቅም ነው፤ ምርጫው ግን ከደሴ ያንሳል። ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ምሥራቅ ነው፤ የሰኞ ገበያው ዝነኛና ሰፊ ነው፤ ለፍየል ወደር የለውም። የባቲ ፍየል ሌጦ በዓለም የቆዳ ገበያ በራሱ ስም የሚታወቅ ነው። ለበግ ግን ቀኑ ከደሴ ጋር ስለሚጋጭ የደጋ በግ የሚፈልግ ሰው እዚያ ድረስ መውረድ አይጠበቅበትም።

ለገበያው ነጥብ ስንሰጥ፦ ለበጉ ጥራትና ለምርጫው ከ5 አምስት፤ ለዋጋ ግልጽነት ሁለት፤ ለንጽሕናና ለጥላ አንድ፤ ለማጓጓዣ አገልግሎት አንድ። የመጨረሻውን ለምን እንደዚያ ዝቅ እንዳደረግነው እንግለጽ።

በጉን አራት እግሩን አስሮ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ መወርወር ልማድ ሆኗል። ይህ ለእንስሳው ሥቃይ ነው፤ ለገዢውም ኪሳራ ነው። ታስሮ በጎኑ የተኛ በግ በጨጓራው ውስጥ የሚፈጠረውን አየር ማስወጣት ያቅተዋል፤ ይነፋል፣ ረጅም መንገድ ከሆነ ይሞታል። ባይሞት እንኳ ሲፍጨረጨር በጡንቻው ያለውን ኃይል ይጨርሳል፤ እንዲህ የታረደ በግ ሥጋው ይጠቁራል፣ ይደርቃል፣ ቶሎም ይበላሻል። በጸጉሩ ጨብጦ ማንሳት ደግሞ ሥጋው ላይ ደም ያስቋጥራል፤ ሲገፈፍ ወይን ጠጅ ነጥብ ሆኖ ይወጣል፣ ያ ሥጋ ተቆርጦ ይጣላል። ትክክለኛው አያያዝ አንድ እጅ ከመንጋጋው ሥር፣ ሌላው እጅ ከኋላው ነው። በከተማ ውስጥ ባጃጅ ላይ አንድ በግ እግሩ ሳይታሰር፣ አንገቱ ላይ ባለ ገመድ ተይዞ ቆሞ ይሄዳል። ወደ ኮምቦልቻ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ወለሉ ላይ ጭድ የተነሰነሰበት ጎን ያለው የጭነት መኪና ይሻላል፤ በጎቹ ቆመው፣ እርስ በርስ ተደጋግፈው፣ ሳይተኙ ይጓዛሉ። ሾፌሩ ሐረጎ ላይ ኩርባውን ቀስ ብሎ እንዲዞር አስቀድማችሁ ንገሩት፤ አንዱ ከወደቀ ሌሎቹ ይረግጡታል። ኮምቦልቻ ከደሴ በጣም ይሞቃል፤ ሱፍ የለበሰ የደጋ በግ እንደደረሰ ጥላና ውኃ ይፈልጋል።

ቤት ከደረሰ በኋላ የሚሞተው በግ ብዛቱ ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ ደግነት ነው። ልጆች ዳቦ ይሰጡታል፣ እናት የተረፈ እንጀራና ቡሆ ትደፋለታለች፣ አንዱ ስንዴ ይዘግንለታል። የበግ ጨጓራ ሳር የለመደ ነው፤ ዱቄት ነክ ነገር ድንገት በብዛት ሲገባበት በፍጥነት ይቦካል፣ አሲድ ይሆናል፣ በጉ ጥርሱን ያፋጫል፣ ግራ ጎኑ ይነፋል፣ በአንድ ቀን ውስጥ ይወድቃል። ደረቅ ሳር በቀን አንድ ኪሎ ያህልና ከሁለት እስከ ሦስት ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበቃዋል። እየቀለባችሁ ልታወፍሩት ከሆነ ግን ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ከ50 ግራም ጀምራችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ 300 ግራም አድርሱ። ፌስታል ከአካባቢው አርቁ፤ በግ ይበላዋል፣ ጨጓራው ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀራል፣ መድኃኒትም የለውም።

ከእርዱ በፊት 12 ሰዓት ያህል መኖ ይከልከል፣ ውኃ ግን አይከልከል። ጨጓራው ሲቀል ሲከፈት አይፈነዳም፣ ሥጋውም አይቆሽሽም፤ ውኃ የጠጣ በግ ደግሞ ቆዳው ከሥጋው በቀላሉ ይለቃል። ከተቻለ በከተማው ቄራ ይታረድ፤ የእንስሳት ሐኪም የሚያየው እዚያ ነው። ቤት የሚያርድ ሰው የአራጁን ቢላዋ ስለት አስቀድሞ ይይ፤ የእርዱን ክፍያ፣ ገፈፋውንና ብልት ማውጣቱን ጨምሮ፣ አስቀድሞ ይቁረጥ። ብዙ አራጅ የበጉን ራስ፣ እግርና ሌጦ የእኔ ነው ይላል፤ ይህም ቀድሞ መነገር ያለበት ነው። ሥጋው ተሰቅሎ ነፋስ ያግኘው። ደሴ ቀዝቃዛ ስለሆነች አምስትና ስድስት ሰዓት ጥላ ውስጥ ቢውል ሥጋው ይላላል፤ ኮምቦልቻ ላይ ግን ከሁለት ሰዓት በኋላ ወደ ማቀዝቀዣ ይግባ። ሙቅ ሥጋ ፌስታል ውስጥ ማፈን የለየለት ስህተት ነው፤ መሃሉ ሳይበርድ ይሸታል።

ጉበቱን ለዱለት ከመክተፋችሁ በፊት ስንጥቅ አድርጋችሁ እዩት። የሐሞት ቧንቧው የወፈረና ጠፍጣፋ ትል ያለበት ከሆነ ያ ክፍል ይጣል። ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ነጭ፣ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ካያችሁ ደግሞ ሳትበሱት ሙሉውን ብልት ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ለውሻ አትስጡ። ይህ ከረጢት ውሻ ሆድ ውስጥ ገብቶ ትል ይሆናል፤ የትሉ እንቁላል ከውሻው በእጅ፣ በሳርና በውኃ ወደ ሰውና ወደ በግ ይመለሳል፤ ሰውም ላይ ጉበትና ሳንባ ውስጥ እንዲሁ ይቋጥራል። የበግ ራስም ለውሻ መወርወር የለበትም፤ የአዙሪት እጭ አንጎል ውስጥ ስለሆነ በሽታው ወደ መንጋው የሚመለሰው በዚሁ መንገድ ነው። በበዓል ማግስት የከተማችን ጎዳና ላይ ራስና ሳንባ ተጥሎ ማየት በእውነት ያንገበግባል።

በቅርብ ዓመታት ሌጦ ዋጋ አጥቶ በየጥጉ ሲጣል ይታያል። በደንብ የተያዘ ሌጦ ግን አሁንም ገዢ አለው፤ ኮምቦልቻም ቆዳ ፋብሪካ አላት። ሌጦውን የሚያበላሹት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ከእርድ በፊት የመጣው እከክ ነው፤ በበግ ቅማልና ክንፍ በሌለው ደም መጣጭ ዝንብ የሚመጣ፣ በብርዳማው ደጋ የሚበዛ። በጉ ላይ እያለ አይታይም፤ ጸጉሩ ፋብሪካ ውስጥ ሲነሳ ነው ትናንሽ ጠጣር ነጥቦች ሆኖ የሚወጣው። ይህ የገበሬው ሥራ ነው፤ መንጋው በወቅቱ በመድኃኒት ከተረጨ ይጠፋል። ሁለተኛው የእናንተው ነው። ሲገፈፍ ቢላዋ ሆዱን ለመክፈትና እግሩን ለማውጣት ብቻ ያገልግል፤ ከዚያ በኋላ በቡጢ እየገፉ ማላቀቅ ነው። የቢላዋ ጭረት ያለበት ሌጦ ዋጋው ወዲያው ይወርዳል። ሳይጎተት፣ ሳይታጠፍ፣ ፀሐይ ሳይመታው ጥላ ውስጥ የሥጋ ጎኑን ወደ ላይ አድርጋችሁ ዘርጉት። ከእርዱ በኋላ ባሉት አራት ሰዓታት ውስጥ ጨው ይነስነስበት፤ ከክብደቱ 40 በመቶ ያህል፣ ማለትም ለሁለት ኪሎ ተኩል ሌጦ አንድ ኪሎ ጨው። ጠርዙንና አንገቱን አትርሱ፤ መበስበስ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ውኃው ይወርድ ዘንድ ትንሽ ተዳፋት ቦታ ላይ ይደር፤ ሲነጋ የሥጋውን ጎን ወደ ውስጥ አጥፋችሁ ሳትዘገዩ ለሰብሳቢው አስረክቡ።